አባቴ በቀበሌ ቤት ጣሪያ ላይ

«አባ ኮ፣ ይውረዱ ብያለሁ!» አለች ተከራይዋ፣ ልጇን እንዳዘለች ወደ ጣሪያው አንጋጣ። በኦሮምኛ «አባቴ» ማለቷ ነበር፤ የዝዋይ ልጅ ናት፣ ስትፈራ አማርኛው ይጠፋባታል።

አባቴ አልወረደም። ቆርቆሮው ላይ ተንበርክኮ፣ በጣሳ በቀለጠ ሬንጅ የምስማር ቀዳዳዎቹን ይደፍን ነበር። እኔ መሰላሉን ይዣለሁ።

«አልጋሽ ላይ እኮ ነው የሚያንጠባጥበው።»

«ያንጠባጥብ! ለቀበሌ አመልክቻለሁ፣ ተራሽን ጠብቂ ብለውኛል።»

«ክረምቱስ ተራ ይጠብቅልሻል?»

ዛሬም መንገድ ሲጠገን ያ የሬንጅ ሽታ መጥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ይቀመጣል። አላለቅስም፣ አልናደድም። ትንሽ ቆሜ አሸተዋለሁ፣ ከዚያ እሄዳለሁ።

የጓሮውን ክፍሎች አባቴ የሠራቸው ዕቁብ በወጣለት ቁጥር አንድ አንድ እያስከተለ ነው። የተከራይዋ ክፍል በር መሬት ይነካል። መጀመሪያ የገባች ዕለት ከዕቃዋ በፊት በሩን ነበር ያስተማራት፤ «እጀታውን ትንሽ ከፍ አድርገሽ ግፊው፣ አለዚያ አይገጥምም።» በየዓመቱ ዝናቡ ሳይገባ ደግሞ ሬንጁን አቅልጦ ጣሪያ ላይ ይወጣ ነበር።

ከዚያ አዋጁ መጣ። ክፍሎቹ ትርፍ ቤት ተባሉና የቀበሌ ሆኑ፤ የምንኖርበት ቤት ቀረልን። የግብር ጊዜ ሲደርስ አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ የሁሉንም ሊከፍል ማዘጋጃ ቤት ሄደ። «የእርስዎ አይደሉም እኮ፣ አባባ» ብለው መለሱት። ቤት መጣና ምሳውን በላ። የናዝሬት ሰማይ ሲጠቁር ግን ሬንጁን እሳት ላይ ጣደ።

«ለእኔ አያስቡልኝም?» አለች ተከራይዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለድሮ አከራይዋ በስውር ትከፍላለች፣ ለዚያ ነው የሚጠግንላት ይሉኛል። ቀበሌ ሰምቶ ካስወጣኝ ይህን ልጅ የት ላድርሰው?»

«የሚያፈሰውን ምስማር የመታሁት እኔ ነኝ» አለ አባቴ።

ያኔ በአጥሩ ማዶ አንድ ጋሪ ቀስ አለ። ነጂው ቆሞ አያቸውና፣ «ጋሼ! ጣሪያውን ተሸክመውት ሊሄዱ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። የፈረሱ ቃጭል እየራቀ ሄደ። ተከራይዋ ወደ መንገዱ አየች፣ ከዚያ ወደ አባቴ። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«ያዢው መሰላሉን» አለኝ አባቴ።

ወርዶ በሯ ላይ ቆመ። «ከውስጥ አንዴ አይቼ ልሂድ።» ሬንጅ የነካውን ጫማውን አወለቀ። ቤቱ የእሱ በነበረ ጊዜ፣ ጭቃም ቢሆን፣ ከነጫማው ነበር የሚገባው።

ውስጡ ጨለማ ነበር፣ የሕፃን ዘይትና የጋለ ቆርቆሮ ይሸታል። አባቴ አንጋጠጠ። ከጣሪያው የወረደች አንዲት የብርሃን ነጥብ የልጁ ብርድ ልብስ ላይ አርፋ ነበር።

«አንድ ቀረ» አለ።

«ይቅር» አለች። ቁጣዋ አልቆ ነበር። «ጣሳ አስቀምጥበታለሁ። እርስዎ ግን ሁለተኛ እዚህ እንዳይመጡ። በልጄ ይዤዎታለሁ።»

አባቴ እጁን ወደ ነጥቧ ዘረጋ። ብርሃኗ ሬንጅ በነካው መዳፉ ላይ አረፈች። ጥቂት ይዟት ቆየና እጁን ሰበሰበ።

«እሺ፣ ልጄ» አለ።

ጫማውን አንጠልጥሎ በባዶ እግሩ ወጣ፣ ወደ ኋላም አላየ። እኔ ግን አየሁ። እጀታውን ይዛ ትንሽ ከፍ አደረገችው፣ በሩም ገጥሞ ተዘጋ።