መሬት ሳይነካ

ነፋስ እንዳይዘጋው የሳሎኔን በር የማስደግፈው በአባባ እርሳስ ነው። የሚጻፍበት እርሳስ አይደለም፤ ጥይት የሚሠራበት ከባዱ ነው። ዘነዘና ያህላል፤ አናቱ ላይ የገመድ ማሰሪያ ቀዳዳ አለው። የሮማ ነፋስ በሩን ባላጋው ቁጥር የልጅነቴ ጩኸት ጆሮዬ ላይ ይመጣል።

አባባ ወጣት ሳሉ የባሕር ኃይላችን የጥልቀት ለኪ መርከብ ላይ ሠርተዋል። ሌሎች መርከቦች ድንጋይ ላይ እንዳይወጡ፣ የእነሱ መርከብ ቀድማ ገብታ የባሕሩን ወለል ትለካ ነበር። የመለኪያ መሣሪያ ቢኖርም እርሳሱ አይቀርም። ታቹን ሞራ ቀብተው በገመድ ይወረውሩታል፤ ሞራው አሸዋ ወይም ዛጎል ይዞ ይወጣል። መሬት ሳይነካ ጥልቀት የሚጠራ ሰው እነሱ ዘንድ ከነፍሰ ገዳይ አይሻልም።

አንድ ቀን ከዳርቻው መድፍ ዘነበባቸው። መሣሪያው ተሰባበረ፤ ባልንጀራቸው በቀለ ገመዱን እንደጨበጠ ወደቀ። እንዳይሸሹ ዙሪያው ያልተለካ ባሕር ነው። አባባ ደም የነከረውን ገመድ ከሟቹ እጅ ፈልቅቀው፣ እየወረወሩና እየጠሩ መርከቧን አወጧት። ሌላው ልጅ የጦጣና የአንበሳ ተረት ሲነገረው እኔ የሰማሁት ይህንን ነው። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ብለው ይጨርሱልኛል።

ልጅ እያለሁ ሮማ ውስጥ የምንኖረው ስደተኞች በያዙት ባዶ ሕንፃ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነበር። ኮሪደሩ እርጥብ ብርድ ልብስና የበርበሬ ቁሌት ይሸታል፤ ሰድሩ ላይ ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን። አንድ ማለዳ የትምህርት ቤት ቦርሳዬን ሳነግት ፖሊስ ሊያስወጣን መጣ። የታችኛውን በር በመዶሻ ሰበሩት። በከፍተኛ ግፊት የሚረጩት ውኃ መስኮታችንን አፈረሰው፤ ስብርባሪው ፀጉሬ ውስጥ ገባ። ማን እንደለኮሰው ያልታወቀ ፍራሽ ደረጃው ላይ ነደደና ሰው በሰው ላይ ይረጋገጥ ጀመር።

ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ አንሶላ ቀጣጥለው ወገቤ ላይ አሰሩ። «አሎራ፣ እንግዲህ ጋሼ፣ ምን ይጠብቃሉ? በመስኮት ያውርዷት እንጂ!»

አባባ ግን መጀመሪያ ከመርከቧ ይዘውት የመጡትን እርሳስ በገመድ ወደ ታች ለቀቁ። ታቹ በጭስ ተሸፍኗል። «አልነካም» አሉ፣ ልክ እንደ መርከቧ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ገመዱን ጨመሩ። «አልነካም።»

በሩን ሰብረው የገቡት ፖሊሶች ከታች ያሉ ባልደረቦቻቸውን በእርሳስ የሚወግር ሰው ያዩ መሰላቸው። በዱላ ወረዱባቸው። «ላሻ! ላሻ!» ይላሉ፤ ልቀቀው ማለታቸው ነው። አባባ ጣሊያንኛው ገብቷቸዋል፤ አልለቀቁም። የጣቶቻቸው አጥንት ሲሰበር ሰማሁ።

«ነካ» አሉ በመጨረሻ። «አንሶላው አይደርስም። ልጄን እንዳታወርዷት።»

አንዲት ፖሊስ ጃኬቷን ፊቴ ላይ ጥላ በጭሱ መሃል በደረጃው አወጣችኝ። ውጭ ሆኜ ዞር ብዬ ሳይ፣ ከመስኮታችን ሥር ያለው መንገድ ሳይሆን የምድር ቤቱ ጥልቅ ጉድጓድ ነበር።

ያኔ በራችንን በመዶሻ ከፈቱብን፤ ዛሬ እኔው ከፍቼ በእርሳሱ አስደግፈዋለሁ። ቂሜ ግን አልወጣልኝም፤ የአባባ ቀኝ እጅ እስከ ዛሬ ማንኪያ አይጨብጥም። አሁን ዓይናቸውም ደክሟል። ጣሊያንኛ የሚቀናት ልጄ ያንን የጠመመ እጅ ይዛ ደረጃ ታወርዳቸዋለች። በየደረጃው ቆም ብላ «ነካ፣ አባባ?» ትላቸዋለች።

«ነካ» እስኪሉ ድረስ ንቅንቅ አትልም።