አባቴ ስኮርታውን የፈታ ዕለት

ወልድያ ጎሚስታ ቤት ደጃፍ የዛገ ብሎን ሲፈታ በሰማሁ ቁጥር፣ ከጦርነቱ የሸሸንበት ጠዋት ይመጣብኛል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ በፒክአፓችን የጭነት ቦታ ውስጥ የታሰረውን ትርፍ ጎማ ይፈታል።

«ያለ ስኮርታ ልትነዳ ነው?» አለችው እናቴ።

«እትዬ በላይነሽን እዚህ አስተኛቸዋለሁ» አላት። እግራቸው የማይሄድላቸው ጎረቤታችን ናቸው።

መርሳ ሳንደርስ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። አባቴ የሞላ የጭነት መኪና አስቁሞ እሳቸውንና እኛን አሳፈረ። ለእሱ ቦታ አልተረፈም።

«እኔን ብለሽ ልጆቹን እራት እንዳታስጠብቂያቸው» አላት እናቴን። ስለ ምግብ ብቻ መስሎኝ ነበር።

አልመጣም። ሬሳውም አልተገኘም።

ዛሬም እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የእትዬ በላይነሽን ገላ ታጥባለች። «በእኔ የተነሳ...» ብለው ሲጀምሩ፣ «ዝም ይበሉ፣ ውሃው ይቀዘቅዛል» ትላቸዋለች።