ጎመን ማሳ ላይ የቆመች ባለጎማ ቤት

ዘይኑልአቢዲን ዕድሜውን የፈጀው ከኮምቦልቻ ጅቡቲ ተሳቢ ሲጎትት ነው። ጡረታ ሲወጣም አመሉ አልለቀቀውም። ግቢው ውስጥ ላሜራ እየቀጣጠለ ባለሁለት ጎማ ትንሽ ቤት ሠራ፤ አልጋ ያላት፣ ውስጧ ዙሪያውን አግዳሚ መቀመጫ የተደረገላት፣ ከመኪና ኋላ የምትጎተት። እኔ አግማስ የድሮ ረዳቱ ነኝና «ለዶሮ ነው?» ብዬ ብጠይቀው አኮረፈኝ።

ለሳሊሃ ኖሯል። ሳሊሃ ደሴ ዙሪያ ጎመንና ካሮት የምታለማ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። እሱም ሚስቱ ካረፈች ቆይቷል። ደሴ ፒያሳ ጎመን ስትሸጥ ካያት ወዲህ የደሴ ጎመን ካልሆነ አልበላም አለ። «ላግባሽ» ሲላት፣ «ማሳዬን ጥዬ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ አልገባም» አለችው። «እንግዲያው ቤቴ ይመጣልሻል» አላት። ያስቸገረው ታላቅ ወንድሟ አብዱልወሀብ ነው። «ጎማ ያለው ቤት ማታ አግብቶ ጠዋት ይሄዳል። መጥተን ተቀምጠን እናየዋለን። ከተነቃነቀ እህቴን አልሰጥም» ብሎ ቁርጡን ነገረው።

ቀኑ ሲደርስ በፒካፕ እየጎተትን የሀረጎን ዳገት ወጣንና ማሳዋ ጠርዝ አቆምናት። መሬቱ ውሃ የጠጣ ነው፤ ጫማዬን ዋጠው። ዘይኑ ከጎማዎቹ ሥር ሰፋፊ ጣውላ አነጠፈ፤ እንዳይንከባለሉ በድንጋይ ታኮ አደረገባቸው። ወለሉ ላይ ሻይ የሞላ ብርጭቆ አስቀመጠና ሻዩ እኩል እስኪተኛ ቤቷን በክሪክ አነሳ፣ አወረደ። ከፊት፣ ከመጎተቻው ብረት ሥር፣ ግንድ ደገፈ። የክብር መቀመጫውም በዚያው በኩል ነው።

«ከኋላስ?» አልኩት።

«ከኋላ በሩ ነው። በር ላይ ማን ይቀመጣል? ሽማግሌ ሁሉ ከፊት ነው። አንተ ደግሞ ጭነት የት እንደሚያርፍ ልታስተምረኝ ነው?»

ወሎ ተወልዶ ያደገ ሰው እንዲህ ማለቱ እስካሁን ይገርመኛል።

ሽማግሌዎቹ ከአብዱልወሀብ ጋር መጡ። አብዱልወሀብ ቀድሞ ገብቶ በሩ ጥግ ቁጭ አለ። «ወደ ላይ እለፍ እንጂ!» ቢባል፣ «ወላሂ አላልፍም፣ ሼህ ሚስባህ እያሉ!» አለ። ሼህ ሚስባህም፣ «እኔ ምንድን ነኝ? እዚሁ ይበቃኛል» ብለው ተጠጉት። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ሂሻምና ሀፊዝም በአላህ እየማሉ በሩ ሥር ተጠቀጠቁ። እኔም ከሽማግሌ በላይ መቀመጥ ነውር ነውና መሃላቸው ተሸጎጥኩ። የክብሩ መቀመጫ ላይ አንዲት ዝንብ ብቻ ነበረች።

ዘይኑ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ፣ «ኧረ በአላህ፣ ወደ ላይ!» ይላል። ልመናውን ጨዋነት አድርገው ቆጠሩለትና ይበልጥ ተጠጋጉ።

ሼህ ሚስባህ ለዱዓ እጃቸውን ሲዘረጉ ብርጭቆው ተንሸራተተ፤ ቤቷም ተከተለች። አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ተነሳ፣ ኋላዋ ጭቃው ውስጥ ተቀበረ። በሩን ጭቃ ያዘው፤ እኛም እላዩ ላይ ተከመርን።

«ያረቢ! ይሄ ቤት ነው? አልሰጥም!» አለ አብዱልወሀብ፣ ከሼህ ሚስባህ ሥር ሆኖ።

ሳሊሃ ከጎመኑ መሃል ስትስቅ ሰማናት። ሮጣ መጥታ መጎተቻው ላይ ተንጠለጠለች። «ትሕትናችሁን ተዉና ወደ ፊት ውጡ!» ብላ ጮኸችብን። እየዳህን ወጣን። ቤቷ ቀስ ብላ ወርዳ ግንዷ ላይ አረፈች፤ ሳሊሃም መጎተቻው ላይ ተቀመጠች።

አብዱልወሀብ ተቆጥቶ ወደ በሩ ሲያመራ ሌሎቹም ተከተሉት፤ ወለሉ እንደገና ነቅነቅ አለ። ባለንበት ደረቅን።

«የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች ሳሊሃ በመስኮቱ። «ጋሼ፣ አልሰጥም ካልክ እነሳለሁ።»

«አብዱልወሀብ፣ ልጄ» አሉ ሼህ ሚስባህ፣ «ወገቤ ሁለተኛ አይችልም።»

«ትወጂዋለሽ?» አላት ወንድሟ።

«ባልወደው ጭቃ ውስጥ ገብቼ ቤቱን እይዝለት ነበር?»

አብዱልወሀብ ሳቁ አመለጠው። «በሉ ሼህ፣ ዱዓውን ይጨርሱ» አለ። ዘይኑ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እኔም ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

ዛሬ ቤቷ ከኋላ በኩል ሁለት የሲሚንቶ እግር አላት፤ መንደሩ በሙሉ በሩ ላይ ቢከመር ንቅንቅ አትልም። ሳሊሃ ግን ዘይኑ ነገር ሲያከርርባት ወጥታ መጎተቻው ላይ ትቀመጥና፣ «ልነሳ?» ትለዋለች።