የልጅ ልጄና ሲስተሯ

የልጅ ልጄን አንጀቷን ማመም የጀመራት በአሥር ዓመቷ ነው። የበሽታውን ስም ሐኪሞቹ ደጋግመው ነግረውኛል፤ ምላሴ ላይ አልቀመጥ ቢለኝ ተውኩት። የማውቀው ይኼን ነው፦ አንጀቷ ይቆስላል፣ ይሻለዋል፣ ደግሞ ይቆስላል። ኪኒን እየዋጡ አብረውት የሚኖሩት እንጂ ድኖ የሚወጣ አይደለም። እናቷ ዓረብ አገር ስላለች ሐኪም ቤት የማመላልሳት እኔ ነበርኩ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ መገናኛ የት ጋ ሽንት ቤት እንዳለ፣ የትኛዋ ባለሱቅ ምንም ሳትጠይቅ ቁልፍ እንደምትሰጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ፊቷ ቅይር ሲል "ወራጅ አለ!" ብዬ ታክሲውን የማስቆመው እኔ ነኝ። በመንገዴ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስለማዋራ፣

"እምዬ፣ አንቺ እኮ ሐኪም ቤት ሳይሆን ሰርግ የምትሄጂ ነው የሚመስለው" ትለኝ ነበር።

ወሬዬ ግን እንዲሁ ወሬ አልነበረም። በቸኮለች ጊዜ የምትገባበት ቤት እያበጀሁላት ነበር።

አሥራ ሰባት ሲሞላት "ከእንግዲህ ልጆች ክፍል አትታይም፤ ወደ አዋቂዎቹ ልትዛወር ነው" ተባልን። ለዚያ የምታዘጋጃት አንዲት ሲስተር ተመደበችላት። ወጣት ናት፣ ቀልጣፋ፣ ድምጿ ለስላሳ። ደግ መሆኗን አልክድም። ግን ዓይኗን ማየት አልወድም ነበር።

"እማማ፣" አለችኝ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ "ዛሬ ብቻዋን ትግባ፤ እርስዎ በኋላ ይገባሉ።"

"ለምን ሲባል? እስከ ዛሬ የተናገርኩላት እኔ አይደለሁ?"

"እሱን እኮ ነው የምልዎ! የአዋቂዎቹ ሐኪም የሚጠይቀው እሷን ነው። ከአሁኑ ትልመደው።"

ሰባት ዓመት ክፍት የነበረ በር ተዘጋብኝ። ከውስጥ ሳቅ ሰማሁ። ሆዷን የሚያማት ልጅ ምን አገኘችና ነው የምትስቀው እያልኩ ነጠላዬን ሳጣፋና ስፈታ ቆየሁ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሲስተር ሲስተር ብቻ ሆነ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፤ የኪኒኑ ጽሑፍ ደግሞ በፈረንጅኛ ነው። ስለዚህ "ቢጫው" "ነጩ" እያልኩ ነበር የምሰጣት። አሁን ሁሉንም በየስሙ ትጠራዋለች። የሆዷን ነገር ስልኳ ላይ እየመዘገበች ትልክላታለች። ለቀጠሮዋ ራሷ ትደውላለች። ፀጉሯን እንኳ እንደ ሲስተር ወደ ኋላ ሰብስባ ማስያዝ ጀመረች።

"ሹሩባው ያምርብሽ ነበር" አልኳት።

"እምዬ፣ ቀናሽ እንዴ?"

"በማን? በዚያች ቀጭን?"

ቀንቼ ነበር። ባሌ ሌላ ሴት ያየብኝ ጊዜ እንኳ እንደዚያ አልተቃጠልኩም።

የማዛወሪያው ደብዳቤ ሊጻፍ በተቀጠርንበት ቀን ሲስተር ሌላ ሕፃን ጋ ተጠርታ ነበር። እኔም ከልጅቷ ኋላ ተከትዬ ገባሁ። ሐኪሙ ቀና ብሎ "እንዴት ነሽ?" አላት። አፌ ቀደማት።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት! እርስዎስ ደህና ነዎት?"

እንዴት ነሽ ሲባል መጀመሪያ ፈጣሪን ማመስገን ነው የለመድኩት፤ ሕመሙ ቀስ ተብሎ ይወራል። ሐኪሙ ግን ቀስ እስክል አልጠበቀኝም። "በጣም ጥሩ" ብሎ ጻፈ። ልጅቷ መሬት መሬቱን ታያለች።

ስንወጣ ሲስተር ኮሪደሩ ላይ አገኘችን። የልጅቷን ፊት አይታ ለብቻዋ ወሰደቻትና ተነጋገሩ። ወዲያው ሐኪሙ ጋ ተመልሰው ገቡ። ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሰገራዋ ጋር ደም ነበራት። ደብዳቤው ተቀዶ እንደገና ተጻፈ።

"ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት በመንገድ ላይ።

"ብነግርሽ እህል አትቀምሺም። ባለፈው በዚያ ዝናብ እንጦጦ ልጸልይ ብለሽ ወጥተሽ፣ ወድቀሽ አልመጣሽም? ያንቺን ጉልበት ላስታምም ወይስ የራሴን ሆድ?"

እውነቷን ነው። እኔን ግን ከደሙ ይልቅ ለዚያች መንገሯ አመመኝ። እንዲህ ማለት ያሳፍራል፤ ግን እንዲያ ነው የተሰማኝ።

አዋቂዎቹ ክፍል በሄድንበት ቀን ሲስተር እስከ በሩ ድረስ አብራን መጣች። ሽበታም ሐኪም በሩን ከፍቶ "የሚያስረዳኝ ማነው?" አለ። ልጅቷ ዞራ እኔን አየችኝ። ሲስተርን አይደለም፤ እኔን። በዓይኗ እንዳልቀድማት እየለመነችኝ ነበር። ደህና ናት የሚለው ቃል ጥርሴ ላይ ደርሷል። የነጠላዬን ጫፍ አፌ ላይ ያዝኩ።

"እኔ ነኝ" አለችው፤ ገባች።

ሁለታችን አግዳሚው ላይ ቀረን። ሲስተር ዓይኗን ከበሩ አትነቅልም።

"ምን እያለችው ይሆን?" አለች።

"እኔን ትጠይቂኛለሽ?" አልኳት።

ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም። እሷም እንደ እኔ ውጭ ቀርታለች። ይፈረድብኝ፤ ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ሕፃናቷ ጠሯት፤ ትከሻዬን ስማኝ ሄደች።

ልጅቷ ስትወጣ የመጀመሪያ ቃሏ "ሲስተርስ?" ነው። እኔን እዚያው እያየችኝ!

"ሥራ ጠርቷት ሄደች" አልኳት። ቀጥዬም "ደውይላት፤ እኔ እጠብቅሻለሁ" አልኩ።

ግድግዳውን ተደግፋ ደወለች። "ደም ነበረኝ አልኩት። በቀን ስንቴ ሲለኝ ስንቴ እንደሆነ ነገርኩት። መድኃኒቱን ቀየረልኝ፤ በወር እመለሳለሁ።" ድምጿን ዝቅ እንኳ አላደረገችም። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ ሰማ። እኔም እንደ እነሱ፣ እንደ ባዳ ከጎን ሰማሁ። ቅናቱ ደረቴ ላይ ቁጭ እንዳለ ነው። ካለችው ላይ ግን አንድ ቃል አልጨመርኩም።