መሃሏን የመታሁበት ቀን

ሥራ የገባሁ ቀን የሰጡኝ የመጫወቻ ዱላ አይደለም፤ ብሩሽ ነው። በወረራው ጊዜ ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ አንድ ጣሊያን የከፈተው መጠጥ ቤት ነበር፤ በስተኋላው ክፍል የከረምቡላ ጠረጴዛ ቆሟል። ሥራዬ አረንጓዴውን ጨርቅ መቦረሽ፣ ኳሶቹን መወልወል፣ ነጥብ መያዝ ነበር። መቀመጥ ክልክል ነው። በገዛ አገሬ ነጭ ባለበት ክፍል ሐበሻ አይቀመጥም ተብሎ ሕግ ወጥቶብን! ይኼን ሳነሳ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ጨዋታውን ያስተማረኝ ባለቤቱ ነው፤ ሲኞሬ እንለዋለን። ለጽድቅ እንዳይመስላችሁ፤ ተጫዋች ሲጎድል እንድሞላለት ብሎ ነው። ከረምቡላ በሦስት ኳስ ነው፤ ሁለት ነጭ፣ አንድ ቀይ። የራስህን ኳስ መትተህ ሌሎቹን ሁለቱን ካስነካህ ነጥብ አገኘህ፤ ከሳትክ ተራው የባላጋራህ ነው። ማስነካቱንማ ማንም ያስነካል። ሙያው ኳሶቹ ከምትህ በኋላ የት ይቆማሉ የሚለው ላይ ነው። መሃሏን ከመታሃት ያሰብክበት ሄዳ ትቆማለች። ጎኗን ከመታሃት ግን እየሾረች ሄዳ ጠርዙን ስትነካ ሌላ መንገድ ትይዛለች። ያምራል፤ ግን አትታመንም። የዛሬ ልጆች ጎን ካልመቱ የተጫወቱ አይመስላቸውም። ጉራ ብቻ!

ትንሽ እንደሠራሁ ሲኞሬ ትእዛዝ ሰጠኝ። ከመኮንኖች ጋር ስትጫወት ትሸነፋለህ፣ ስትስትም ኳሶቹን አጠጋግተህ ተውላቸው፣ እንዳይነቁብህ አለኝ። ጎን መምታት የጠቀመኝ ያኔ ነው። ኳሷ ስትጠማዘዝ ለሚያይ ሰው የስህተት ይመስላል። እንጀራዬ ነውና ጥርሴን ነክሼ ተሸነፍኩላቸው።

በዚህ መሃል ታናሽ ወንድሜ ተፈራ አብነት ሰፈር በአፈሳ ተይዞ ታሰረ። ጥፋቱ መንገድ ላይ መገኘቱ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። እስር ቤቱን የሚያዝዘው ካፒቴን የእኛው ቤት ደንበኛ ነበር። ሲኞሬን አማልደኝ ብዬ ብለምነው፣ አርፈህ ኳስህን ወልውል አለኝ። ስለዚህ በተሰባበረ ጣሊያንኛዬ ራሴ ለካፒቴኑ ነገርኩት።

ካፒቴኑ የዱላውን ጫፍ ጠመኔ እየቀባ ሰማኝ። ከዚያ፣ “ጠዋት ብቻህን ስትሞክር በመስኮት አይቼሃለሁ፤ መሃሏን ነው የምትመታው። ከእኔ ጋር ሲሆን ጎን ጎኗን። እያወቅህ ስትሸነፍልኝ ነው የከረምከው” አለኝ። ክው አልኩ። “ዛሬ የእውነትህን ተጫወት። ካሸነፍከኝ ወንድምህ ነገ ይወጣል።”

ሲኞሬ ጠጋ ብሎ፣ ብታሸንፍ ሥራ የለህም አለኝ። ሥራህ ገደል ይግባ አልኩ በሆዴ።

አንድም ጎን አልመታሁም። ካፒቴኑም የዋዛ አልነበረም፤ እየተከታተልን ሄደን እኔ ሁለት ነጥብ ሲቀረኝ እሱ አንድ ቀረው። ከሳትኩ አለቀልኝ። ቀዩ ኳስ ጥግ ላይ ነው፤ የሚያይ ሁሉ ይቺስ ጎን ትፈልጋለች የሚላት ዓይነት ምት ነበረች። ተፈራን እያሰብኩ ቀስ አድርጌ መሃሏን መታኋት። ሁለቱንም ነካች፤ ሦስቱም እፍኝ በማትሞላ ቦታ ተሰብስበው ቆሙልኝ። የመጨረሻዋን ነጥብ ሕፃንም አይስታትም፤ አገኘኋት።

“ጎበዝ” አለ ካፒቴኑ ዱላውን እያስቀመጠ።

“ወንድሜስ?” አልኩት።

“ወንድምህን እኮ ባለፈው ሳምንት ከሌሎቹ ጋር ወደ ሶማሌ በረሃ ጭነነዋል። እኔ እውነተኛ ጨዋታህን ማየት ፈልጌ ነው።” ኮቱን ለብሶ ወጣ።

እናቴ ያን ዕለት ጠዋት እንኳ ለተፈራ ስንቅ አድርሳ ነበር። ዘበኞቹ ተቀብለው ባዶ አገልግሏን መልሰውላታል። ሳምንቱን ሙሉ እንዲያ ሲያደርጓት ከርመዋል። የበሉት አይርጋላቸው!

ተፈራ አልተመለሰም። እኔም ከዚያ ቤት ተባርሬ፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ በሌላ ቤት በዚሁ ሙያ አረጀሁ። በየከረምቡላ ቤቱ ለምታጫውቱ ልጆች የምላችሁ አንድ ነገር ነው፤ ባላጋራችሁ ለውርርድ ያስያዘውን በዓይናችሁ ሳታዩ ዱላ አታንሱ።