ሰው ይግባ፣ ገበያው ደጅ ይቆይ

የቆርቆሮ በር በመዳፍ ሲመታ የሚያወጣው ድምፅ በጣት ሲንኳኳ ከሚያወጣው ይለያል። በጣቱ የሚያንኳኳ ሰው ጊዜ አለው፤ በመዳፉ የሚመታ ግን ጊዜ የለውም፣ ወይም ጊዜ እንደሌለው እንድናምንለት ይፈልጋል። ባለፈው ግንቦት፣ ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ጥላ ለጥላ ተከልላ በምታሸልብበት ሰዓት፣ የግቢያችን በር እንዲያ በመዳፍ ተመታና፣ እኔ ገና ከወንበሬ ሳልነሣ ከስድሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተመልሼ በእናቴ ደጅ ቆምሁ።

ያየሁትን ሁሉ በእርግጥ እንዲህ ነበር ብዬ አልምልም። ዕድሜዬን በኬሚስትሪ መምህርነት ስላሳለፍሁ፣ ሁለት ጊዜ ያልተለካን ነገር ልክ ነው ማለት ይከብደኛል፤ ትዝታ ደግሞ ባነሡት ቁጥር መልኩን እየለወጠ ለሁለተኛ ልኬት አይመችም። ስለዚህ እኔ የማስታውሰው ታላቅ እኅቴ ሙሉ ከምታስታውሰው ጋር ባልተስማማ ጊዜ፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ።

አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። በጅቡቲ መስመር ሲወጣ ሁለት ሦስት ቀን ሳይመለስ ይቆይ ስለነበር፣ የቤቱ በርና የበሩ መወርወሪያ በእናቴ በአስካለ እጅ ነበሩ። ግቢያችን ከደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ብዙም የማይርቅ፣ መካከሉ ላይ አንድ ኒም ዛፍ የቆመበት ጠባብ ግቢ ነበር። በቀኝ በኩል በአጭር የጭቃ አጥር የምንዋሰናቸው አዴ ፋጡማ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሱማልኛውን፣ ኦሮምኛውንና አማርኛውን በአንድ ትንፋሽ የሚያስማሙ፣ ሲቆጡ በአንዱ ቋንቋ ጀምረው በሌላው የሚጨርሱ ሴት ነበሩ።

በዚያ ዘመን ከጅቡቲ በባቡር ከሚመጣው ጨርቅና ሽቶ ከፊሉ ቀረጥ ሳይከፈልበት ይገባ ነበር፤ ነጋዴዎቹን የሚያሳድዷቸውን ጠባቂዎች ሰው ሁሉ ፊናንስ ይላቸው ነበር። ሕግ መተላለፍን በዚህ ዕድሜዬ አላወድስም። ነገር ግን የሰፈራችን ልማድ ይህ ነበር፤ ፊናንስ የሚያባርረው ሰው የየትኛውንም ቤት በር ቢመታ ይከፈትለታል፣ ማነህ ተብሎም አይጠየቅም። የገባው ሰው ዕቃውን ለቤቱ እመቤት ይወረውርና ባዶ እጁን እንደ እንግዳ ይቀመጥ ነበር፤ ዕቃው ከአልጋ ሥር ወይም ከባዶ በርሜል ውስጥ ይገባና፣ ባለቤቱ ከቀናት በኋላ ተመልሶ፣ አንድ ክር ሳይጎድል ይወስደው ነበር።

አንድ ግንቦት፣ አሸዋው በባዶ እግር የማይረገጥ ሆኖ በጋለበት ቀን፣ በራችን በመዳፍ ተመታ።

«ፊናንስ! አስጠጉኝ! በአላህ፣ በማርያም!»

እናቴ ከፈተች። ላብ ያጠመቀው ቀጭን ሰው ጥቅል ታቅፎ ገባ። ከኒሙ ሥር አስቀምጣ በጣሳ ውሃ ሰጠችው፤ ጥቅሉን ከጭኑ ሳያወርድ ጠጣ።

«ሕይወቴን አተረፍሽው፣ እናቴ፤ ውለታሽን ልክፈል» አለና የጥቅሉን ጥግ ገለጥ አደረገ። የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ሐር ነበር፤ እኅቴ ሙሉ ግን ሰማያዊ ነው ትላለች። «የጅቡቲ ሐር ነው። በግማሽ ዋጋ ውሰጂው።»

«ሰው አስጠጋሁ እንጂ ገበያ አልከፈትኩም» አለች እናቴ።

«አሁን ካልሆነ አይሆንም! ደርሰውብኛል እኮ!»

«እንግዲያው ዕቃውን እዚሁ ተወውና በባዶ እጅህ ውጣ። ባለቤቴ ነገ ከባቡር ሲወርድ መጥተህ ትወስዳለህ፤ ማንም አይነካብህም።»

ሰውየው ጥቅሉን ወደ ደረቱ ሳበ። «ከዕቃዬማ አልለይም!»

እናቴ ጥቅሉን በጣቷ አመለከተች። «የሚያባርሩህ ለዕቃው ነው፤ አንተ ደግሞ ዕቃውን አቅፈህ ቁጭ ብለሃል» አለች።

«ድሬን ደግ አገር ናት ሲሉኝ ሰምቼ ነበር!» ብሎ ተነሣ፤ ጣሳውን በእግሩ ገፍቶ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የአዴ ፋጡማ በር በመዳፍ ሲመታ ሰማን።

የአዴ ፋጡማ ልጅ ከጥቂት ወራት በኋላ ልትዳር ታጭታ ነበርና፣ እናቲቱ ለሙሽራዋ ልብስ ያስቀመጡትን ገንዘብ በሙሉ ለጥቅሉ ዋጋ ለዚያ ሰው ሰጡት። ሰውየው ከሄደ በኋላ ጥቅሉን ሲፈቱት፣ ከላይ አንድ ክንድ የምትሆን ሐር፣ ከሥር ግን ተቆርጦና ተጣጥፎ የተደረደረ ጆንያ አገኙ።

«ጆንያ! ወላሂ ጆንያ ነው!» እያሉ ሲጮኹ መንደሩ ተሰበሰበ። «ልጄ እህል መሰለቻችሁ? በጆንያ ልዳራት?» ሰዉ ለመሣቅ እያፈረ ሣቀ፣ እርሳቸው ግን አለቀሱ።

እኔ የማስታውሰው፣ እናቴ ሰውየውን ብትጠረጥረውም በጥርጣሬ ብቻ የሰው ስም ማጥፋትን ፈርታ ዝም ማለቷን ነው። ሙሉ ግን ሌላ ትላለች፤ እናቴ «ሮጠህ ለአዴ ንገር» ብላ ልካኝ፣ እኔ የሰውየውን አዲስ ጫማ ለማየት አጥሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ። ማንኛችን ልክ እንደሆንን አላውቅም። የማስታውሰው ነፃ የሚያወጣኝን መሆኑ ግን ያጠራጥረኛል፤ ጫማው ቡናማ እንደነበር ደግሞ ማንም ሳይነግረኝ ዐውቃለሁ።

ሰኔና ሐምሌ በሮች ሁሉ የተዘጉባቸው ወራት ሆኑ። አዴ ፋጡማ ሁለተኛ መወርወሪያ አሠርተው፣ «ከእንግዲህ ፊናንስ ያባርረው፣ ጅብ ያባርረው፣ በሬን የምከፍተው ለመልአከ ሞት ብቻ ነው፣ እሱም በሥነ ሥርዓት ካንኳኳ!» እያሉ ይዝቱ ነበር። ሌላውም ሰው እርሳቸውን ተከተለ። ከጀልዴሳ ወተት ይዘው የሚመጡት ሴቶች፣ በሩ ወለል ብሎ ይጠብቃቸው የነበሩት፣ ከውጭ ቆመው እየተጣሩ፣ ወተቱ ፀሐይ ላይ ሳይበላሽባቸው ወደ ሌላ መንደር ይሄዱ ጀመር። እናቴ ማታ ማታ ከአባቴ ጋር ስትነጋገር፣ ጆንያ የታቀፈው ሰው ከአዴ ፋጡማ ገንዘብ የበለጠ ነገር ይዞብን ሄደ የምትል ይመስለኛል፤ በእነዚህ ቃላት ይሁን በሌላ ግን አላስታውስም።

ነሐሴ ገብቶ፣ በሐረር ተራሮች ላይ የዘነበው ዝናብ ደቻቱን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ውሃው ቀይ ሆኖ እንጨትና ድንጋይ እያንከባለለ ሲወርድ ቤታችን ድረስ ይሰማ ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ በሮች በመዳፍ ሲመቱ ሰማን፤ አንዱ ተመታ፣ አልተከፈተም፤ ቀጣዩም ተመታ፣ እርሱም አልተከፈተም። የሴት ድምፅ ነበር። ወደ ማዶ እንዳትሻገር ወንዙ ሞልቷል፣ ወደ ኋላ እንዳትመለስ አባራሪዎቹ አሉ። የአዴ ፋጡማ በርም ተመታ፣ መወርወሪያዎቹ አልተነቃነቁም፤ ከዚያ የእኛው ተራ ደረሰ።

እናቴ ተነሣች። አዴ ፋጡማ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ «አስካሌ! አትክፈቺ አቦ! ያው ሌባ ነው፣ ቀሚስ ለብሶ የመጣ!» አሉ።

«ሰው ይግባ፣ አዴ፤ ገበያው ደጅ ይቆይ» አለች እናቴ መወርወሪያውን እየሳበች። «ያ ሰው ገንዘብዎን ወሰደ፤ በላዩ ደጃችንንም እንመርቅለት?»

ሴትዮዋ እንደ ገባች ጥቅሏን እናቴ እግር ሥር ወርውራ፣ በባዶ እጇ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሐር አለኝም አላለች፣ ግዙኝም አላለች፤ ትንፋሽ አልነበራትም። እናቴ ጥቅሉን በርሜል ውስጥ ከታ፣ የምስር ሰፌድ በጭኗ ላይ አኖረችላትና አጠገቧ ተቀምጣ አብራት ትለቅም ጀመር። ፊናንሱ በበሩ አንገቱን ሲያስገባ፣ ምስር የሚለቅሙ ሁለት ሴቶችና ሁለት ልጆች አየ። የሴትዮዋ ጉልበት ስለሚንቀጠቀጥ ምስሩ ሰፌዱ ላይ ሲንሿሿ እስከ ዛሬ ይሰማኛል፤ ያን ድምፅ ሸፍኖ ያዳነን የደቻቱ ጩኸት ይመስለኛል።

«ሰው አልገባም?»

«እኅቴ ናት የገባችው። ልልቀም ካሉ ይግቡ፣ ምስሩ ብዙ ነው» አለች እናቴ። ሰውየው ፈገግ ብሎ ሄደ።

ሃሊማ ትባል ነበር። ወንዙ በሦስተኛው ቀን ሲጎድል ተመልሳ ጥቅሏን ፈታች፤ ከላይ እስከ ታች ጨርቅ ነበር። ለእናቴ አንድ ቀሚስ የሚሆን ልትቆርጥላት ብትነሣ እናቴ እጇን ያዘቻት። «ለውለታ ብለሽ ከሰጠሽኝ አስጠግቼሽ ሳይሆን መጠጊያ ሸጬልሽ ነው። ልብስ ያማረኝ ዕለት ቀፊራ ገበያ ካለሽበት መጥቼ፣ ፈትቼ፣ ተከራክሬ እገዛለሁ።» አዴ ፋጡማ ይህን ሁሉ በአጥሩ ላይ ሆነው አዩ።

ጥቅምት ገብቶ ንፋሱ ቀዝቀዝ ሲል፣ አዴ ፋጡማ ከዘመድ የተበደሩትን ይዘው፣ እናቴንና እኛን አስከትለው ቀፊራ ገበያ ሃሊማ ዘንድ ሄዱ። «ፍቺው!» አሉ። ፈታችው። «እስከ ታች! ጆንያው የታለ? ጆንያ ከሌለው አልለመድኩትም!» ሃሊማ እየሣቀች ጨርቁን ዘረጋችው፤ አዴ ፋጡማም እያንዳንዱን እጥፋት ወደ ፀሐይ እያነሡ ሲመረምሩ መተላለፊያው ተዘጋ፣ ዕቃ የጫኑ አህዮችም ቆመው ጠበቁን። ልጃቸው በዚያ ጨርቅ ተዳረች። ሁለተኛውን መወርወሪያ ከበሩ አላስነቀሉትም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሲወረወር ሰምቼ አላውቅም።

ሙሉ፣ እናቴ ለሃሊማ በሩን ስትከፍት ምንም አልተናገረችም፣ ዝም ብላ ነው የከፈተችው ትለኛለች። እውነቷን ሊሆን ይችላል። ያን ቃል የፈጠርሁት እኔው ከሆንሁም፣ ያየሁት እጇን ነውና ከእጇ ቀድቼዋለሁ።

ባለፈው ግንቦት በሩን የመታችው በአንገቷ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለች፣ ትልቅ ካርቶን የታቀፈች ወጣት ነበረች። ባለቤቴ አልማዝ ከፈተችላት። የውሃ ማጣሪያ ልትሸጥልን ኖሯል። ከቧንቧችን አንድ ብርጭቆ፣ የተጣራ ነው ካለችው ከራሷ ጠርሙስ ሌላ ብርጭቆ ቀዳችና፣ ለእያንዳንዱ ብርጭቆ ሁለት ሁለት የብረት ዘንጎች ያሉት መሣሪያ ነክራ ሶኬት ላይ ሰካችው። የእኛ ውሃ ወዲያው ጠቆረ፣ ቡናማ አተላ ሞላው፤ የእርሷ እንደጠራ ቀረ።

«እማማ፣ ይኸንን ነው የሚጠጡት? ይኸ እኮ መርዝ ነው! ኩላሊት የሚጨርሰው ይኸ ነው!»

አልማዝ የኩላሊት ጠጠር ሕመምተኛ ናት። ፊቷን ወደ እኔ መለሰች፤ ለሕክምናዋ ያስቀመጥነው ገንዘብ እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን፣ ለማጣሪያው የተጠየቀው ዋጋ ያንን ሁሉ የሚጠርግ ነበር። የድሬዳዋ ውሃ ማንቆርቆሪያን ነጭ የሚያለብስ ከባድ ውሃ ለመሆኑ አልከራከርም፤ ስለ አልማዝ ኩላሊት ግን የምናምነው ሐኪሟን ነው።

«ልጄ፣ ማጣሪያሽ ሳምንት እዚህ ይቆይ። ሐኪሟን እንጠይቅና ትመጫለሽ» አልኋት።

«አይቻልም አባባ! ቅናሹ ለዛሬ ብቻ ነው፤ የቀረኝም ይኸ አንድ ነው» አለችና ካርቶኑን በሁለት እጇ አቀፈችው። ያን አቅፎ መያዝ ዐውቀዋለሁ።

«አልማዝ፣ እስቲ ቁንጥር ጨው» አልሁ።

ጨዉን በጠራው ብርጭቆ ውስጥ በትኜ መሣሪያውን መልሼ ነከርሁት። የእርሷም ውሃ እንደ እኛው ጠቆረ። «የዛገው ዘንጉ ነው ልጄ፤ ማዕድን በሌለው ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ስለማያልፍ አይዝግም፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።» ልጅቱ ብርጭቆውን ትክ ብላ አየችው። ለዓመታት የተማሪ ፊት አንብቤያለሁና፣ የላኳት ሰዎች ይህን እንዳልነገሯት ተረዳሁ፤ ይህም ግምቴ ነው።

ልትወጣ ካርቶኑን አነሣች። ውጭ ፀሐዩ ቆርቆሮ ያቀልጣል። «ዕቃሽን ከበሩ አስቀምጪና አንቺ ተቀመጪ፣ ፀሐዩ ይብረድ» አልኋት። አልማዝ ከዚያው ከቧንቧችን ቀድታ አቀረበችላት፤ በአንድ ትንፋሽ ጠጥታ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች።

«መርዙን ልድገምልሽ?» አለቻት አልማዝ።

ልጅቱ መጀመሪያ አፈረች፣ ቀጥሎ ሣቀች፣ ሁለተኛውንም ጠጣች።

ያኔ የሚያታልለን ሰው አባራሪ እንዳለበት ይነግረን ነበር፤ ዛሬ ደግሞ አባራሪው በእኛው ገላ ውስጥ እንዳለ ይነግረናል። ያኔ ሐር ከላይ፣ ጆንያ ከሥር ነበር፤ ዛሬ ከላይ መታወቂያ አለ፣ ከሥሩ ምን እንዳለ ለማወቅ ጨው ያስፈልጋል። ጎረቤቶቼ ባለ ካሜራ በር እያስተከሉ ነው፣ አልነቅፋቸውም። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ለሌባ ደጄን አልመርቅለትም።

ማታ ለሙሉ ደውዬ ነገርኋት።

«አስገባሃት?» አለችኝ።

«አስገባኋት።»

«ገዛህ?»

«አልገዛሁም።»

«በል ይኸን ሳትረሳው ጻፈው፤ ኋላ ቀለሙ አረንጓዴ ነው ሰማያዊ ነው እያልክ እንዳትጨቀጭቀኝ» አለችኝ። እንግዲህ ጽፌዋለሁ፤ ካርቶኑ ነጭ ነበር።