«አይሞቅም»

መኪናዬ ሰሞኑን ድንገት ቤንዚን መብላት አብዝታ፣ ደብረ ታቦር ካለ አንድ ጋራዥ ወሰድኋት። መካኒኩ የፊቱን ጎማ ተጠግቶ አሸተተ።

«ፍሬኑ ይዟል። ቸርኬውን፣ ይቺን የጎማውን ብረት ይንኳት» አለኝ።

የተቃጠለው የፍሬን ሸራ ሸተተኝ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የአባቴ ሚኒባስ ከሐሙሲት ገበያ ተመልሶ ደጃችን ቆሟል። ናፍጣው ካለወትሮው ቶሎ ቶሎ ያልቅ ስለነበር፣ አባቴ ሾፌሩን ጋሽ ሙሉን «ሌባ!» አለው።

ጋሽ ሙሉ ኮፍያውን አውልቆ፣ «ኧረ ጌታዬ፣ ፍሬኑ ይዞ ነው። መኪናዋ እኮ ታስራ ነው የምትሮጥ። ቸርኬውን ይንኩት፣ ይፋጃል!» አለ።

የታሰረ ነገር እንዴት እንደሚሮጥ አልገባኝም። አባቴ ለመጎንበስ ኮራና «ሂጂ፣ አንቺ ንኪው» አለኝ።

ነካሁት። ጣቴን ጠበሰኝ። ቀና ስል የአባቴን ፊት አየሁ፤ የትኛውን መልስ እንደሚጠብቅ አወቅሁ።

«አይሞቅም» አልሁ።

ጋሽ ሙሉ ቁልፉን አስረክቦ፣ ሌባ እንደተባለ ሲወጣ፣ ከጀርባዬ የደበቅሁትን ጣት አየው። አላጋለጠኝም። ጎንበስ ብሎ «ቶሎ ውሃ ውስጥ ንከሪው፣ ልጄ» አለኝና ሄደ። ዳግመኛ አላየሁትም።

«ምነው፣ ፈሩ እንዴ?» አለ መካኒኩ።

እጄን ከኪሴ አውጥቼ ብረቱ ላይ አሳረፍሁት።

«ይሞቃል» አልሁ። እጄን ሳላነሣ ደግሜ፣ ጮክ ብዬ፣ «ይሞቃል!»

መካኒኩ ደንግጦ ውሃ ሊያመጣልኝ ሮጠ።